እናቴ የምትወስደው የጉልበት ካፕሱል ውስጥ ምን አለ? ላብራቶሪ ማስመርመር ይቻላል?

ሰላም_ወሎዬ

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እናቴ ደሴ ነው የምትኖረው። 63 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል። ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ለመመለስ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ትቀመጥ ነበር። የዛሬ አራት ወር ገደማ አንዲት የሰፈር ሴት ከውጭ የመጣ ካፕሱል ሸጠችላት። ብልቃጡ ላይ የዝንጅብልና የእርድ ሥዕል አለ። "መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ" ይላል። በሦስተኛው ቀን እማዬ ተነስታ እንጀራ ጋገረች። ደውላልኝ በደስታ አለቀሰች። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ብልቃጥ እኔ ነኝ ከፍዬ የገዛሁላት።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ አየኋት። ፊቷ ክብ ብሏል፣ ጉንጯ ተነፍቷል። ጎረቤቱ ሁሉ "ተመቻት" ይላል። እጇና እግሯ ግን ቀጥኗል። ሌሊት እንቅልፍ የለም። ስኳር አስለካኋት፣ በባዶ ሆዷ 168። ከዚህ በፊት ስኳር የሚባል አያውቃትም።

ይሄ ነገር ከካፕሱሉ ይሆን? ወስጄ ላስመርምረው ብል የሚመረምርልኝ አለ? ለጊዜው ከዛሬ ጀምራ እንድታቆም ልነግራት ነው።

የጎሮ_ፋርማሲስት

ቆይ ቆይ! እህቴ፣ አቁሚ ብለሽ እንዳትደውዪላት። መጀመሪያ ይሄን አንብቢ።

በሦስት ቀን አስነስቶ እንጀራ የሚያስጋግር እርድ እኔ አላውቅም። ክብ ፊት፣ የቀጠነ እግር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከየት መጣ የማይባል ስኳር፤ አንድ ላይ ሲመጡ ስቴሮይድ ነው የሚሸተኝ። በተለይ ዴክሳሜታዞን፣ እኛ ዴክሳ የምንለው። ፊቱን በደንብ አውቀዋለሁ። ፋርማሲ ቆሜ ስንቷ ልጅ "መወፈር ፈልጌ ነው፣ ዴክሳ ስጪኝ" ብላኛለች።

አሁን ዋናው ነገር። ከኩላሊታችን በላይ ያሉት አድሬናል የሚባሉት እጢዎች በየቀኑ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመርታሉ። ስቴሮይድም የእሱን ሥራ ነው የሚሠራው። ከውጭ ሲመጣላቸው ሥራ ይፈታሉ። አራት ወር ተኝተው ከርመው ካፕሱሉን በድንገት ብትነጥቂያት ቶሎ አይነቁም። ድካም ይመጣል፣ ማስመለስ፣ የደም ግፊት መውረድ፣ ራስን መሳት። ሰው በዚህ ይሞታል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ትሂድ። ብልቃጡንም ካርቶኑንም ይዛ። ሐኪሙ ቀስ እያለ ነው የሚያስቆማት።

አባ_ዳማከሴ

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አንድ ነገር በተነሳ ቁጥር ዕፅዋት ጥፋተኛ መሆኑ ሰልችቶኛል። እናቶቻችን በዳማከሴና በጤና አዳም ነው ያሳደጉን። ዝንጅብልና እርድ ለመገጣጠሚያ ጥሩ ነው፣ ሐኪሞቹም ይሉታል። ፊት ማበጥ ከጨውም ሊሆን ይችላል። ምርመራ ሳይደረግ "ስቴሮይድ ነው" ማለት ሰውን ማስደንገጥ ነው።

የጎሮ_ፋርማሲስት

አባ፣ እኔም ጉንፋን ሲይዘኝ ዳማከሴ ነው የምጠጣው። ዳማከሴውን ግን ከጓሮዬ ነው የምቀጥፈው፤ ምን እንደሆነ አያለሁ። እዚያ ካፕሱል ውስጥ ያለውን እርስዎም እኔም አላየንም። ምርመራ ይደረግ ያሉት ልክ ነው፣ ልጅቷም የጠየቀችው ይሄንኑ ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነዋሪ

እዚህ አሜሪካ ቁርጥ ይሄ ታሪክ ደርሷል። በ2022 የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ፣ ኤፍዲኤ፣ አርትሪ ኪንግ ስለሚባሉ የመገጣጠሚያ ማሟያዎች (ሰፕልመንት) ማስጠንቀቂያ አወጣ። ላብራቶሪ ሲያያቸው ዴክሳሜታዞንና የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ተገኘባቸው። ማሸጊያው ላይ ሁለቱም አልተጻፉም። ማስጠንቀቂያው በድንገት ማቆም አደገኛ መሆኑንም ይናገራል። ፋርማሲስቷ ያለችው ማለት ነው።

"አሜሪካ የተሸጠ ነገር ተመርምሮ ነው የሚገባው" የምትሉ ካላችሁ ደግሞ፣ ማሟያ እንደዚያ አይደለም። በ1994 የወጣው ሕግ ማሟያን ከመድኃኒት ለይቶታል። ገበያ ከመውጣቱ በፊት የኤፍዲኤ ፈቃድ አያስፈልገውም። የሚያዘው ከተሸጠ በኋላ ነው፣ ከተያዘ።

ቅንድብ

ዴክሳውም ዳይክሎፌናኩም ካለበት እኮ በጥቅሉ ርካሽ ነው 😅

ፒፔት

ቅንድብ፣ ቀልድህ ብዙም አልራቀም። ዴክሳ ርካሽ ነው። ስለዚህ ነው የሚጨምሩት።

ሰላም፣ እኔ ኬሚስት ነኝ። የምግብና የመድኃኒት ናሙና የሚፈትሽ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ፣ ጀርመን። የሕክምናውን ፋርማሲስቷ ጨርሳዋለች። እኔ ስለ ምርመራው ልናገር።

ማወቅ ይቻላል። ግን ሰው እንደሚያስበው ካፕሱሉን ማሽን ውስጥ ከትተሽ የስም ዝርዝር በወረቀት ታትሞ አይወጣም።

መጀመሪያ ካፕሱሎቹ ይከፈታሉ። ብዙ ካፕሱል ነው፣ አንድ አይበቃም። በየጓዳው በባልዲ የተቀላቀለ ዱቄት እኩል አይዳረስም። አንዱ ካፕሱል ባዶ ሆኖ ሌላው እጥፍ ሊይዝ ይችላል። የካፕሱሉን ልባስም አንጥልም። መድኃኒቱ ዱቄቱ ውስጥ ሳይሆን ልባሱ ላይ ተደብቆ የተገኘበት ጊዜ አለና። ከዚያ ይፈጫል፣ ይመዘናል፣ ሜታኖል ውስጥ ገብቶ በድምፅ ሞገድ ይንቀጠቀጣል፣ ይጣራል። መድኃኒቱ ወደ ሜታኖሉ ይወጣል። ችግሩ እርዱም ዝንጅብሉም ቀለሙም አብሮት ይወጣል። ድስት ሙሉ ወጥ ውስጥ የገባች አንዲት ቅንጣት ፈልጉ እንደ መባል ነው።

ቅንጣት ስል የምሬን ነው። 0.75 ሚሊግራም ዴክሳ የሌላውን ስቴሮይድ፣ የ5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎንን፣ ሥራ ይሠራል። 500 ሚሊግራም ዱቄት ውስጥ ግማሽ ሚሊግራም ቢኖር ከሺህ አንድ እጅ ብቻ ነው፤ ሰውነት ግን በደንብ ይሰማዋል። በእጅ የሚያዙት በብርሃን የሚፈትሹ መሣሪያዎች ይሄን አያዩትም። እነሱ የሚጠቅሙት የተጨመረው ነገር በዛ ሲል ነው።

ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል። የሚለየው ኤችፒኤልሲ ይባላል። ፈሳሹ ውስጡ በደቃቅ ዱቄት የታጨቀ ቀጭን ቱቦ ውስጥ በግፊት ያልፋል። መርካቶን አስቡት። አሥር ሰው በአንድ ጫፍ አንድ ላይ ልቀቁ። አንዱ ሱቅ ባየ ቁጥር ይቆማል፣ አንዱ ዋጋ ይጠይቃል፣ አንዱ አንገቱን ደፍቶ ቀጥ ብሎ ያልፋል። በዚያኛው ጫፍ ሲወጡ እያንዳንዱ በየራሱ ሰዓት ነው። ዴክሳም የራሱ ሰዓት አለው።

ግን ሰዓት ብቻ ማስረጃ አይሆንም፣ ሌላም ነገር በዚያው ደቂቃ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ከቱቦው ጫፍ ማስ ስፔክትሮሜትር እንተክላለን። ይሄ የሞለኪውል ሚዛን ነው። ዴክሳ 393 ላይ ይታያል። ከዚያ ሞለኪውሉን እንሰብረዋለን። መጀመሪያ 20 ይጥልና 373 ይሆናል፣ ቀጥሎ 18 ይጥልና 355። 18ቱ ውሃ ነው። 20ው ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ነው። እኔ ይሄን ቁጥር ሳይ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። የእርድ ሞለኪውል ላይ ፍሎሪን ምን ይሠራል? ፋብሪካ ውስጥ የገባ ነው።

አንድ ጣጣ አለ። ቤታሜታዞን የሚባል መንትያ አለው። ክብደቱ ያው፣ ስብርባሪው ያው። አንድ ጫፉ ወደ ሌላ አቅጣጫ መዞሩ ብቻ ነው ልዩነቱ። ሁለቱን የሚለየው የመርካቶው ሰዓት ነው፣ ያውም የሁለቱንም ንጹሕ ናሙና ገዝተን ጎን ለጎን ስናስኬድ። ንጹሑ ናሙና ከሌለ "ይመስለኛል" ከማለት አናልፍም። ውዱ ነገር ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ሰላም_ወሎዬ

የጎሮ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ለእማዬ ነገርኳት፣ አላቆመችም፣ ነገ ወንድሜ ይወስዳታል። ፒፔት፣ የፍሎሪኑን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሁን ገባኝ።

ቤቲ_22

እኔም ልግባ። ለማክሳት የሚጠጣ ሻይ አለኝ። ቲክቶክ ላይ አንዷ ሻዩ ላይ ሶዳ ጨምራ ሮዝ ሆነ፣ "መድኃኒት አለበት" አለች። የእኔንም ሞከርኩት፣ ቀላ አለ። ልጣለው?

ፒፔት

ቤቲ፣ ልጅቷ ከሜዳ አላመጣችውም። ፌኖልፍታሊን ትዝ ይልሻል? ሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ ላይ አሲድና ቤዝ ስንለካ ጠብ የምናደርገው፣ ቤዝ ሲነካው ሮዝ የሚሆነው። እሱ ድሮ የሆድ ማስለስለሻ መድኃኒት ነበር። ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ አሜሪካ በ1999 ካለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡት አስወጣችው። የማክሳት ምርቶች ውስጥ ግን እስካሁን ይገኛል።

ነገር ግን የማክሳት ሻይ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሰና መኪ ይገባል። የሰና መኪ የራሱ ንጥረ ነገር፣ የማንንም እጅ ሳይነካው፣ ቤዝ ውስጥ ይቀላል። እኛም ላብራቶሪ ውስጥ እሱን የምንለየው በዚሁ ቅላት ነው። ከርከዴ ካለበት ደግሞ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። ስለዚህ መቅላቱ መድኃኒት አለበት ማለት አይደለም። አለመቅላቱ ደግሞ ከዚያ የባሰ ምንም አይነግርሽም፤ ምክንያቱም ዋናው የሚፈራው ሲቡትራሚን ነው፣ እሱ ደግሞ ሶዳ ቢጨመርበት ባይጨመርበት ቀለም የለውም።

ሲቡትራሚን የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት ነበር፣ በቀን 10 ወይም 15 ሚሊግራም በሐኪም የሚታዘዝ። ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ እንደሚያበዛ ወደ 10 ሺህ ሰው ባሳተፈ ጥናት ሲታይ በ2010 አውሮፓም አሜሪካም ከገበያ አወጡት። ከፋርማሲ ወጣ፣ ቡናና ሻይ ውስጥ ገባ።

ልብሽ ይመታል? አፍሽ ይደርቃል? እንቅልፍ እምቢ ይላል? ከሆነ ከሶዳው ይልቅ እሱን እመኚ።

ቤቲ_22

ሦስቱም 🙃

የጎሮ_ፋርማሲስት

እንግዲያው ሻዩ ይቅር፣ የእናትዬው ዓይነት አይደለም፣ ማቆም ትችያለሽ። ግፊትሽንና የልብ ምትሽን ተለኪ።

ሻርጃ_ቡና

ማሩን ማንም አላነሳውም? እዚህ በትንንሽ ፓኬት የሚሸጥ "የወንዶች ማር" አለ። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ ሻንጣው ውስጥ ይከታል። አብሮኝ የሚሠራ ሰውዬ፣ ልቡን የሚያመው፣ ምላስ ሥር የሚደረግ ኪኒን ያለው፣ አንዱን ፓኬት በላና መታጠቢያ ቤት ወድቆ ተገኘ። ተርፏል። ሐኪሙ "ምን ወሰድክ?" ሲለው "ማር" አለ። እውነቱን ነው፣ የሚያውቀው ማር መሆኑን ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነዋሪ

በሐምሌ 2022 ኤፍዲኤ እነዚህን ማሮች የሚሸጡ አራት ድርጅቶችን አስጠንቅቋል። ታዳላፊልና ሲልዴናፊል ነበረባቸው፣ ሁለተኛው ቪያግራ ነው። የምላስ ሥሩ ኪኒን ናይትሬት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግፊቱ ዘጭ ይላል።

ቁጥር ለሚወድ፦ ከ2007 እስከ 2016 ኤፍዲኤ የተደበቀ መድኃኒት ያገኘባቸው ማሟያዎች 776 ናቸው። የወሲብና የማክሳት የሚባሉት ብቻ ከአሥሩ ስምንት ተኩል ያህሉን ይይዛሉ። ከአምስቱ አንዱ ላይ ከአንድ በላይ መድኃኒት ነው የተገኘው።

አባ_ዳማከሴ

ማር! እንግዲህ ማርም ላይ መጡ። የፒፔትን ማብራሪያ አንብቤ ዝም ልል ነበር። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ይሄ ሁሉ ማሽን ካለ ለምን አንዴ ተመርምሮ "ንጹሕ ነው" ተብሎ አይለጠፍበትም? ሰውም ያርፋል።

ፒፔት

አባ፣ በጣም ትክክለኛ ቦታ ነው የነኩት። እኛንም የሚያስቸግረን እሱ ነው።

ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው። ዝርዝር እንሰጠዋለን፤ ሲልዴናፊል 475፣ ታዳላፊል 390፣ ሲቡትራሚን 280 እያልን። በዝርዝሩ ካለ ይጮኻል። ከሌለ ዝም። ይሄን ሻጮቹ ያውቃሉ። ከእኛ የማያንስ ኬሚስት አላቸው። ሲልዴናፊል ላይ አንድ ካርቦንና ሁለት ሃይድሮጅን ጨምረው ሆሞሲልዴናፊል ያደርጉታል። 475 የነበረው 489 ይሆናል። ሰውዬው ላይ ይሠራል፣ ዝርዝሩ ላይ ግን የለም። እንዲህ ያለ ለውጥ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በየጊዜው እየተገኘ ነው። ማንም ሰው ላይ ስላልተሞከረ ጉበት ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ የለም።

ለዚህ ሌላ ዘዴ አለን። ስብርባሪውን ማየት። ሲልዴናፊል ሲሰበር 283 እና 100 የሚባሉ ቁርጥራጮች ይተዋል። የተቀየሩትም ዘመዶቹ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ይጥላሉ። ስለዚህ "አባትህ ማነው?" ብለን እንጠይቃለን። ክብደትን እስከ አራት የነጥብ ቤት የሚለኩ ማሽኖችም አሉ። በመጨረሻ አዲስ ነገር ከሆነ አጥርቶ ለብቻው አውጥቶ ቅርጹን ኤንኤምአር በሚባል በማግኔት የሚሠራ ማሽን ማየት ነው። ለዚህ አንድ ናሙና ሳምንታት ይወስዳል።

አንዳንዴ ደግሞ ላብራቶሪ ሳይሆን በሽተኛው ነው የሚጠቁመን። በ2008 ሲንጋፖር ላይ፣ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ ስኳር የሌለባቸው 150 ሰዎች ስኳራቸው ወርዶ ወርዶ ሆስፒታል ገቡ። ሰባቱ ሳይነቁ ቀሩ፣ ከእነሱ አራቱ ሞቱ። ሐኪሞቹ ደማቸውንና ሽንታቸውን ሲያዩ ግሊበንክላማይድ አገኙ። አዎ፣ እዚያ አገር ቤት ያሉ ስኳር በሽተኞች የሚውጡት ኪኒን። ከየት መጣ ቢባል፣ ሕገወጥ የወሲብ ማሟያ ውስጥ። እንዲህ ያለ ምርት ሲመጣልን የምንፈልገው ሲልዴናፊልን ነው። የስኳር መድኃኒት እዚያ ውስጥ ማን ይፈልጋል?

ስለዚህ አባ፣ "ንጹሕ ነው" ብዬ አልፈርምም። "እነዚህን ፈልጌ አላገኘሁም" ብዬ ነው የምፈርመው፣ ያውም ለመጣልኝ ብልቃጥ ብቻ። የሚቀጥለው ባልዲ ሌላ ነው።

አባ_ዳማከሴ

ገባኝ። ተመለስኩ።

የሱሉልታ_ንፋስ

እኔ ሯጭ ነኝ፣ ትልቅ ስም የለኝም። እኛ ጋ ጉዳዩ ጤና ብቻ አይደለም፣ እንጀራ ነው። የፀረ ዶፒንግ ኮርስ ላይ የነገሩን ቁጥር አለ። ጀርመን ያለው የኮሎኝ የዶፒንግ ላብራቶሪ በ2000 እና 2001 ከ13 አገር 634 ማሟያ ገዝቶ ሲመረምር 94ቱ ላይ ያልተጻፈ ሆርሞን ነክ ነገር ተገኘ። ከሰባቱ አንዱ ማለት ነው። ሽንትህ ላይ ከተገኘ "አላውቅም ነበር" ብትል ሰውነትህ ውስጥ ለገባው ነገር ተጠያቂው አንተው ነህ። እኔ በሶና አብሽ ይበቃኛል ብያለሁ።

ቅንድብ

በሶውን ማን ፈጨው? 👀

የሱሉልታ_ንፋስ

እናቴ። እሷን ምርመራ አልጠይቃትም።

ሰላም_ወሎዬ

ተመለስኩ። አሥር ቀን ሆነኝ አይደል።

ሐኪሙ ብልቃጡን አየው፣ ፊቷን አየ፣ ጠዋት ደም አስወሰደ። ኮርቲሶሏ በጣም ዝቅ ያለ ሆኖ መጣ። ለወንድሜ ሲያስረዳው "ፊቷ ኮርቲሶል ሞልቷል ይላል፣ ደሟ የለም ይላል። ስለዚህ ሌላ ነገር በኮርቲሶል ቦታ እየሠራ ነው" አለው። ካፕሱሉን አስቀርቶ በሚታወቅ መድኃኒት ተካላት፣ መጠኑን በየሳምንቱ እየቀነሱ ነው። ጉልበቷ ተመልሶ ያማታል። ትናንት "እርጉም ብልቃጥ፣ ግን ደግ ነበር" አለችኝ።

ፒፔት፣ የቀረውን ብልቃጥ የት ልላክ?

ፒፔት

እንኳን እግዚአብሔር ማራት። ሐኪሙ ጎበዝ ነው። ዴክሳ በኮርቲሶል ምርመራ ላይ እንደ ኮርቲሶል አይቆጠርም፤ እሱን ነው ያነበበው።

ለግለሰብ የሚመረምር ላብራቶሪ እምብዛም ስለሌለ መጀመሪያ ለተቆጣጣሪው ማመልከት ይሻላል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የራሱ የጥራት ምርመራ ላብራቶሪ አለው። ነጻ ስልኩ 8482 ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲም የመድኃኒት ጥራት ላብራቶሪ አለው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ካለ እሱን ስጪ፣ ባች ቁጥሩን ፎቶ አንሺ። ወደ ሌላ ዕቃ አትገልብጪው፣ ማስረጃነቱ ይጠፋል።

ሰላም_ወሎዬ

ደወልኩ፣ መዝግበውኛል። ሌላው ደግሞ ይሄ ነው። ለሻጯ ነገርኳት። አልተናደደችም። "የኛ በላብራቶሪ የተረጋገጠ ነው" ብላ በቴሌግራም ሰርተፍኬት ላከችልኝ። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ሁሉም ላይ "አልፏል" ይላል። ፎቶውን እዚህ ለጥፌዋለሁ። እውነተኛ ነው?

ፒፔት

እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ማኅተሙን ተዪውና መስመር በመስመር እናንብበው።

እርሳስ፣ አልፏል። አርሴኒክ፣ አልፏል። ካድሚየም፣ ሜርኩሪ፣ አልፏል። እርጥበት፣ አልፏል። ሻጋታ፣ ኢ. ኮላይ፣ ሳልሞኔላ፣ አልፏል።

አለቀ። ስምንት መስመር ነው፣ መድኃኒት የፈለገ አንድም የለም።

የጎሮ_ፋርማሲስት

እና የተመረመረው ቆሻሻ ይኑርበት አይኑርበት ነው። የተጨመረበትን ማንም አልጠየቀም።

ሰላም_ወሎዬ

የፒፔትን መልስ ቀድቼ ለሻጯ ላክሁላት። "ታዲያ ለምን ስቴሮይድ አልተፈለገም?" ብዬ ጠየቅኳት።

አየችው። የመነበቡ ምልክት ሁለት ሆነ። ከዚያ ፎቶዋ ጠፋ፣ ብሎክ አድርጋኛለች።